ኤድዋርድ ሩፔል፦ ዋልያን፣ ቀይ ቀበሮንና ጭላዳን ለሳይንስ ያስተዋወቁ ተጓዥ

ዋልያ፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የኢትዮጵያ ደጋ ምድር መለያ የሆኑ ብርቅዬ እንስሳት ናቸው። ሦስቱንም በዘመናዊ ሳይንስ መዝገብ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሰፈሯቸው ጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል ናቸው። ሩፔል የእንስሳቱን መልክ፣ አካልና መኖሪያ በጥንቃቄ ጽፈው አልፈዋል። ስንት እንደሆኑ ግን በዚያ ዘመን የጠየቀ አልነበረም፤ ቆጠራው የተጀመረው እሳቸው ካለፉ ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ነው። በመካከሉ ባለው ጊዜ የስንቱ መንጋ እንደጠፋ በትክክል ማወቅ የሚቻልበት መንገድ የለም። የሩፔልን የሕይወት ታሪክና ለሳይንስ ያስተዋወቋቸው እንስሳት የዛሬ ሁኔታ ጎን ለጎን መመልከት የዱር እንስሳት ቆጠራ ለምን እንደሚያስፈልግ ለመረዳት ይረዳል።

ልደትና ትምህርት

ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. ኅዳር 20 ቀን 1794 በጀርመን ፍራንክፈርት ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የባንክ ባለቤትና ባለጸጋ ስለነበሩ ልጃቸውም በንግድ ሥራ እንዲሠማሩ ታስቦ ነበር። ነገር ግን ወጣቱ ሩፔል በ1817 ወደ ግብፅና ወደ ሲና በረሃ ባደረጉት ጉዞ ሐሳባቸው ተለወጠ። ያዩት ምድር፣ ዕፅዋቱና እንስሳቱ ልባቸውን ስለሳቡት የንግዱን መንገድ ትተው ወደ ጣልያን አቀኑ፤ በፓቪያና በጄኖዋ የዕፅዋትና የእንስሳት ትምህርት ተከታተሉ። የወረሱት ሀብት ከማንም እርዳታ ሳይጠይቁ ለምርምር እንዲጓዙ አስችሏቸዋል።

በዚያው በ1817 በፍራንክፈርት የዜንከንበርግ የተፈጥሮ ምርምር ማኅበር ተመሥርቶ ነበር። ሩፔል የማኅበሩ አባል ሆኑ፤ በኋላም ከአፍሪካ ያመጧቸው ናሙናዎች ለማኅበሩ ቤተ መዘክር ዋነኛ ሀብት ሆነዋል።

የመጀመሪያው ሙከራና የምጽዋ መሰናክል

በ1821 ሩፔል ሚካኤል ሄይ ከተባሉ ሐኪም ጋር ለረጅም ጉዞ ተነሡ። በ1822 የሲናን በረሃ አቋርጠው ወደ አቃባ ባሕረ ሰላጤ ደረሱ። በ1823 ደግሞ በዓባይ ወንዝ ሽቅብ ወደ ኑቢያ ተጉዘው በዶንጎላ አካባቢ ናሙና ሲሰበስቡ ቆዩ፤ በ1825 ወደ ካይሮ ተመለሱ።

ከዚህ በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ለመግባት ያደረጉት የመጀመሪያ ሙከራ አልተሳካም። ጉዞው ምጽዋ ሲደርስ ተጓዦቹ በበሽታ ተመቱ፤ ከመካከላቸው የሞቱም ነበሩ። ሩፔል የደጋውን ምድር ሳያዩ ለመመለስ ተገደው በ1827 አውሮፓ ገቡ። ሆኖም ተስፋ አልቆረጡም፤ ሦስት ዓመት ያህል ከቆዩ በኋላ እንደገና ጉዞ ጀመሩ።

በዘመነ መሳፍንት ወደ ደጋው

በ1831 ሩፔል ከረዳታቸው ከቴዎዶር ኤርክል ጋር ምጽዋ ደረሱ። ጊዜው ለተጓዥ አስቸጋሪ ነበር። በዚያው ዓመት የካቲት ወር በደብረ ዓባይ በተደረገው ጦርነት ራስ ማርዬ ወድቀዋል፤ የትግራዩ ገዥ ደጃዝማች ሰባጋዲስም ተማርከው ተገድለዋል፤ የስሜኑ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ሥልጣናቸውን ወደ ትግራይ አስፋፍተዋል። በዘመነ መሳፍንት ከአንዱ መስፍን ግዛት ወደ ሌላው የሚያልፍ መንገደኛ በየበሩ ፈቃድና ጥበቃ መለመን ነበረበት። ለጥናት የተሰበሰበ የእንስሳት ቆዳና አጥንት የጫነ የውጭ አገር ሰው ደግሞ ይበልጡን ጥያቄ ይነሣበት ነበር።

ሩፔል በባሕሩ ዳርቻ የቀይ ባሕርን ዓሦች ሲያጠኑ ከቆዩ በኋላ በ1832 ወደ ደጋው ወጡ። ተከዜን ተሻግረው ስሜን ገቡ፤ ከዚያም ወደ ጎንደር አለፉ። በስሜን ቆይታቸው የተራሮቹን ከፍታ ለኩ፤ በገደሉ ላይ የሚወጡትን ፍየል መሰል እንስሳት፣ በሜዳው ሣር የሚነጩትን ጦጣዎች፣ አይጥ የሚያድነውን ቀይ አውሬ ተመለከቱ። በ1833 ከጎንደር ተነሥተው በአክሱም በኩል ወደ ምጽዋ ተመለሱ። ኢትዮጵያን በዚህ ስፋት አቋርጠው ያጠኑ የመጀመሪያው የተፈጥሮ ተመራማሪ መሆናቸው ይነገርላቸዋል።

የሩፔል ትኩረት በእንስሳት ብቻ አልተወሰነም። በአክሱም ከንጉሥ ኢዛና ዘመን የተረፉ የግዕዝ ድንጋይ ጽሑፎችን ገልብጠው አሳትመዋል። በጎንደር ከሊቃውንቱ ጋር ተገናኝተው የብራና መጻሕፍት ሰብስበዋል፤ እነዚህ መጻሕፍት በፍራንክፈርት ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠው ለኢትዮጵያ ታሪክ ጥናት አገልግለዋል።

ስሞቹ ከሕዝቡ አንደበት

ሩፔል ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ከ1835 እስከ 1840 ባሉት ዓመታት የኢትዮጵያን የጀርባ አጥንት ያላቸው እንስሳት የሚገልጽ በሥዕል የተደገፈ ትልቅ ሥራ በየክፍሉ አሳተሙ። ሦስቱ ብርቅዬ እንስሳት በሳይንስ ስም የተሰየሙት በዚህ ሥራ ነው።

ሩፔል ለስሜኑ የገደል ፍየል ስም ሲያወጡ ከራሳቸው ቋንቋ አልፈለጉም፤ የአገሬው ሰው ዋልያ ሲል የሰሙትን ተቀበሉ። በዚህም ምክንያት የእንስሳው የሳይንስ ስም ዛሬም ካፕራ ዋሊ ይባላል። ጭላዳም እንዲሁ ነው፤ ጌላዳ የሚለው ዓለም አቀፍ ስሙ የተወሰደው ከአካባቢው መጠሪያ ነው። ቀይ ቀበሮን ደግሞ ባገኙበት ምድር ስም ካኒስ ሲሜንሲስ፣ ማለትም የስሜን የውሻ ዘመድ፣ ብለው መዘገቡት። በአማርኛ ቀበሮ ቢባልም ሩፔል ከውሻና ከተኩላ ወገን መመደባቸው ትክክል እንደነበር በ1990ዎቹ የተደረገ የዘር ጥናት አረጋግጧል። ወፎችንም ሰይመዋል፤ በደጋው የሚገኝ አንድ የቆቅ ዓይነት በረዳታቸው በኤርክል ስም እንዲጠራ አድርገዋል።

የዘመኑ የጥናት ዘዴ የራሱ ዋጋ ነበረው። አንድን እንስሳ በሳይንስ ለመመዝገብ ገድሎ ቆዳውንና ራስ ቅሉን ወደ ቤተ መዘክር መውሰድ የተለመደ ሥራ ነበር፤ ሩፔልም የሠሩት በዚሁ ደንብ ነው። ያን ጊዜ የዱር እንስሳ ያልቃል ብሎ የሚሰጋ ተመራማሪ እምብዛም አልነበረም።

የኋለኛው ዘመን

በ1839 የለንደኑ ንጉሣዊ የጂኦግራፊ ማኅበር ለሩፔል የወርቅ ሜዳሊያ ሰጣቸው። የኢትዮጵያ ጉዟቸውን የሚተርከው ባለ ሁለት ቅጽ መጽሐፍ ከ1838 እስከ 1840 ታተመ፤ በ1845 ደግሞ የሰሜን ምሥራቅ አፍሪካን ወፎች የሚዘረዝር ሥራ አወጡ። በኋለኛው ዕድሜያቸው የጥንት ገንዘቦችን በማጥናት ተጠመዱ። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 10 ቀን 1884 በተወለዱበት ከተማ በ90 ዓመታቸው አረፉ።

ስማቸው በበርካታ እንስሳት መጠሪያ ውስጥ ይገኛል። ከእነዚህ አንዱ በ1852 ሌላው ጀርመናዊ ተመራማሪ አልፍሬድ ብሬም በስማቸው የጠሩት የሩፔል ጥንብ አንሳ ነው። ይህ አሞራ በከፍታ በረራ ተወዳዳሪ የለውም፤ በ1973 አንዱ በአይቮሪ ኮስት ሰማይ ላይ 11,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ከአውሮፕላን ጋር መጋጨቱ ተመዝግቧል።

ከስም ወደ ቁጥር፦ የዋልያ ቆጠራ

ሩፔል ካረፉ በኋላ በነበሩት አሥርት ዓመታት ጠመንጃ በደጋው ተስፋፋ፤ በተለይ ከጣልያን ወረራ ወዲህ በብዙ እጅ ገባ። ዋልያ ለሥጋው፣ ለቆዳውና ለመጠጫ ዋንጫ ለሚሆነው ቀንዱ ይታደን ነበር። እርሻና ግጦሽም ወደ ገደሉ አፋፍ ተጠጋ። በ1960ዎቹ ተመራማሪዎች ወደ ስሜን ሄደው መቁጠር ሲጀምሩ የቀረው ዋልያ ከ150 እስከ 200 ገደማ ብቻ ተገመተ። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1969 በሕግ የተቋቋመው ይህን ተከትሎ ነው፤ በ1978 ደግሞ ፓርኩ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ።

ዋልያን መቁጠር ቀላል ሥራ አይደለም። እንስሳው ቀኑን በገደል ስንጥቅና በአስታ ቁጥቋጦ ተሸሽጎ ይውላል፤ ለግጦሽ በግልጽ የሚታየው በማለዳና ወደ ማምሻው ነው። ስለዚህ ቆጣሪዎች በተለያዩ አፋፎች ላይ በአንድ ሰዓት ቆመው ይቆጥራሉ፤ ይህም አንዱ መንጋ ከቦታ ቦታ ሲዘዋወር ሁለት ጊዜ እንዳይቆጠር ይረዳል። ወንድ፣ ሴትና ግልገል ለየብቻ ይመዘገባሉ። የግልገሎቹ ቁጥር ለብቻው መታወቁ መንጋው ራሱን እየተካ መሆን አለመሆኑን ያሳያል።

የተገኘው ቁጥር በውሳኔ ላይ ትልቅ ድርሻ አለው። የዋልያ ቁጥር በ1990ዎቹ እንደገና በመቀነሱና የሰው ሰፈራ በመስፋፋቱ ፓርኩ በ1996 አደጋ ላይ ባሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገባ። ከዚያ ወዲህ ጥበቃው ተጠናከረ፤ በፓርኩ ውስጥ ይኖሩ የነበሩ ከ400 በላይ የግጭ መንደር አባወራዎች በ2016 መኖሪያቸውን ለቀው ወደ ደባርቅ ተዛወሩ። የዋልያው ቁጥር በ2015 ከ860 በላይ ደርሶ ነበር፤ በ2017 ፓርኩ ከአደጋ መዝገብ ወጣ። ይሁን እንጂ በኋላ በአካባቢው በተከሰተው የጸጥታ ችግር ጥበቃው ተዳከመ፤ በ2024 የተቆጠረው ዋልያ 306 ያህል ብቻ ነበር። ዋልያ በዱር የሚገኘው በዓለም ላይ በዚህ አንድ አካባቢ ብቻ ስለሆነ እዚያ የጠፋውን ከሌላ ቦታ አምጥቶ መተካት አይቻልም።

ቀይ ቀበሮ፣ ጮቄና የምሥራቅ ጎጃም ትምህርት

ቀይ ቀበሮ የስሜንን ስም ቢይዝም ዛሬ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚኖረው በባሌ ተራሮች ነው። በመላው ኢትዮጵያ ለመራባት የደረሱት ቀይ ቀበሮዎች 500 ገደማ እንደሆኑ ይገመታል፤ እነሱም እርስ በርስ በማይገናኙ ጥቂት የተራራ ጫፎች ተበታትነዋል።

ይህን ሁኔታ ለመረዳት የደብረ ወርቅ አቀማመጥ ጥሩ ማሳያ ነው። በእናርጅ እናውጋ ወረዳ በቢቸናና በሞጣ መካከል የምትገኘው ይህች ጥንታዊት ከተማ በሁለት የተለያዩ ዕጣዎች መካከል ተቀምጣለች። በስተምዕራቧ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጮቄ ተራራ ይገኛል። በስተምሥራቋ ደግሞ ከዓባይ ሸለቆ ማዶ የደቡብ ወሎ ደጋ፣ በዚያም የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ አለ። ቀይ ቀበሮ በሁለቱም በኩል ይኖር ነበር። በቦረና ሳይንት ዛሬም ይገኛል፤ ከጮቄ ግን ፈጽሞ ጠፍቷል።

ለመጥፋቱ ዋናው ምክንያት የመኖሪያው መጥበብ ነው። ቀይ ቀበሮ የሚመገበው በአብዛኛው በውርጫማው ሜዳ የሚኖሩ አይጦችን ነው። የጓሳ ሣሩ ታርሶ ገብስና ድንች ሲዘራበት፣ የቀረውም ያለ ዕረፍት ሲጋጥ አይጦቹ ይመናመናሉ፤ ቀበሮውም የሚበላው ያጣል። በኢትዮጵያ ከ3,200 ሜትር በላይ ከሚገኘው መሬት 60 በመቶ ያህሉ ወደ እርሻ መለወጡ ይነገራል። ጮቄን የመሰለ ተራራ ደግሞ ዙሪያውን በእርሻ ስለተከበበ እንደ ደሴት ነው፤ አንድ ጊዜ የጠፋ እንስሳ የዓባይን ሸለቆ ተሻግሮ ሊመለስ አይችልም። ከጮቄ ስንት ቀይ ቀበሮ እንደጠፋ የሚናገር አኃዝ የለም፤ በጊዜው የቆጠራቸው አልነበረምና። በደቡብ ጎንደር የጉና ተራራም በቅርብ አሥርት ዓመታት ተመሳሳይ ዕጣ ደርሶበታል።

ሁለተኛው አደጋ በሽታ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ከቤት ውሾች ወደ ቀይ ቀበሮ ሲተላለፍ በወራት ውስጥ መንጋ ይጨርሳል። በባሌ በ2003 በተነሣው ወረርሽኝ በሽታው በደረሰበት ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ የሚሆኑት አልቀዋል። ይህ ሊታወቅና በክትባት ሊገታ የቻለው ተመራማሪዎች እያንዳንዱን መንጋ ለይተው ይከታተሉ ስለነበር ነው።

በአንጻሩ በሰሜን ሸዋ የመንዝ ጓሳ ሕዝብ የጓሳ ሣር የሚታጨድበትንና የሚከለከልበትን ጊዜ በጋራ ደንብ እየወሰነ ለዘመናት ሲጠብቀው ኖሯል። ሣሩ ለቤት ክዳን ተረፈ፤ ቀይ ቀበሮውም አብሮ ተረፈ።

ጭላዳና የሩፔል ጥንብ አንሳ

ብዛት ያለው እንስሳም ቢሆን ቆጠራ ያስፈልገዋል። የጭላዳ ቁጥር በ1970ዎቹ ከ440,000 እንደማያንስ ተገምቶ ነበር፤ በ2008 የወጣው ግምት ግን ወደ 200,000 ዝቅ ብሏል። በሁለቱ ግምቶች መካከል የአቆጣጠር ዘዴ ልዩነት ሊኖር እንደሚችል ባለሙያዎች ያስገነዝባሉ። በመሆኑም አንድ ቁጥር ሲነገር በምን ዘዴ፣ በየትኛው ወቅትና በምን ያህል ስፋት ላይ እንደተገኘ መጠየቅ ተገቢ ነው። በአንድ ዓይነት ዘዴ በየጊዜው የሚደረግ ቆጠራ አንድ ጊዜ ብቻ ከሚደረግ ሰፊ ግምት ይልቅ ይጠቅማል።

የሩፔልን ስም የያዘው ጥንብ አንሳ ደግሞ ከሁሉም የከፋ ሁኔታ ላይ ነው። በአፍሪካ የቀረው 22,000 ገደማ እንደሆነ ይገመታል፤ ከ2015 ጀምሮም ለመጥፋት እጅግ በተቃረቡ ዝርያዎች ምድብ ውስጥ ተመዝግቧል። ዋነኛ ገዳዩ መርዝ ነው። ጅብ ወይም ባለቤት አልባ ውሻ ለመግደል መርዝ የተነሰነሰበት አንድ ጥምብ በርካታ አሞሮችን በአንድ ቀን ይጨርሳል። ጥንብ አንሳ በዓመት ከአንድ እንቁላል በላይ ስለማይጥል በአንድ ቀን የጠፋውን ለመተካት ብዙ ዓመታት ይፈጃል።

ዜጎች ሊያውቋቸው የሚገቡ ጉዳዮች

የዱር እንስሳትን ማደን፣ መያዝም ሆነ ውጤታቸውን መሸጥ በዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም ሕግ የሚገዛ ነው፤ ያለ ፈቃድ መፈጸምም በሕግ ያስጠይቃል። በአገር አቀፍ ደረጃ ጉዳዩን የሚከታተለው በአዋጅ ቁጥር 575/2000 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ልማትና ጥበቃ ባለሥልጣን ነው።

በደጋማ አካባቢ የሚኖሩ ዜጎች ውሾቻቸውን በወረዳቸው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ቢያስከትቡ ቤተሰባቸውንም ቀይ ቀበሮንም ይጠብቃሉ። በጥምብ ላይ መርዝ መነስነስ ለአሞራ ብቻ ሳይሆን ለከብትና ለሰውም አደገኛ ስለሆነ ሊወገድ ይገባል። በአንድ ቦታ በርካታ አሞሮች ሞተው ሲገኙ፣ ወይም ያልተለመደ ጠባይ የሚያሳይ ቀበሮ ሲታይ፣ ሳይነኩ ቦታውንና ቀኑን ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ ወይም በአቅራቢያ ለሚገኝ የፓርክ ጽሕፈት ቤት ማስታወቅ ያስፈልጋል።

ሩፔል ስሜን በገቡ ጊዜ ዋልያ ዋልያ መባሉን የነገራቸው በተራራው የሚኖረው ሕዝብ ነው። ዛሬም ቆጣሪ ቡድን ወደ ተራራ ሲወጣ መንጋው የት እንዳደረ፣ ዘንድሮ ስንት ግልገል እንደታየ መጀመሪያ የሚጠይቀው እረኛውን ነው። እረኛው ያየውን በጊዜው ከተናገረ የመንጋው መቀነስ ከመጥፋቱ በፊት ይታወቃል፤ ለጮቄ ቀይ ቀበሮ ሳይደረግ የቀረውም ይኸው ነው።